ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ሲዲ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩት መካነ ብርሃን ላይ፣ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም «የእኛ ይሆን እንዴ» ብለው ቢጠረጥሩ ይሻላል። የሥራ መደቤ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባል ነበር። ይህን ትምህርት የመረጥኩት ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር አይጠይቅም ብዬ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም መስኮቱ እንዲዘጋልኝ ለመጠየቅ ነበር።

ከጎንደር ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በብርድ ልብሱ እጥፋት መሐል፣ አንድ ሲዲ ደብቄ ነበር። ደብቄ ያልኩት እንዳይሰበር እንጂ ሕገ ወጥ ሆኖ አይደለም። ሕገ ወጥ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሲዲው ላይ ያለው ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው። ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር፤ ኮምፒውተር ያለ ሲስተም ቆርቆሮ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስ ይሸጣል፤ ውስጡን ግን ከሠሪው በቀር ማንም አያየውም። ሊኑክስን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊጭነው፣ ከፍቶ ሊያየው፣ ያልተመቸውን ሊያስተካክለው፣ አባዝቶ ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይችላል። ያኔ ከባሕር ማዶ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ ይልኩ ነበር። እኔም ጠየቅሁ፤ ላኩልኝ።

ከፖስታ ቤት ይዤው እዚያው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው የአባቴ የጨርቅ ሱቅ ስገባ አባቴ ወዲያው፣ «በስንት ገዛሽው?» አለኝ።

«በነፃ ነው።»

«የፖስታውስ?»

«እሱንም እነሱ ናቸው የከፈሉት።»

አባቴ ሲዲውን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ አየው። «በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ አላውቅም» አለ። «ወይ ሱቁን ሊዘጋ ነው፣ ወይ ቆይቶ ሌላ ነገር ሊጠይቅሽ ነው።»

«ነጋዴዎች አይደሉም አባ።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

አባቴ በጥያቄው ላይ አልቆየም፤ ደንበኛ መጣለት። መካነ ብርሃን ግን ደንበኛ የለም፤ የጠየቀኝ ሁሉ መልሴን እየጠበቀ ይቀመጥ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩት። አንደኛው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ነው። ሁለተኛው ሂሳብ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል። ሥራ የሚሠራው ሦስተኛው፣ የጸሐፊያችን ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

ሦስቱም ላይ ያለው ዊንዶውስ ጎንደር ከአንድ ሱቅ የተገዛ ቅጂ ነው። ሠሪው ያልሸጠው፣ ባለሱቁ ራሱ እያባዛ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ስለዚህ የጸሐፊዋ ስክሪን ጥቁር ሆኖ፣ በታችኛው ጥግ ቅጂው ትክክለኛው አለመሆኑን በእንግሊዝኛ ሲናገር ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ይህን አይቼ ደነገጥኩና፣ «እትዬ፣ ይሄ ጥቁር የሆነው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ከመጣ ጀምሮ ነው፤ ጥቁሩ ሸጋ ነው ልጄ፤ ዓይን አያደክምም» አሉኝ።

«በጥጉ የተጻፈውስ?»

«እሱ የፋብሪካው ስም ነው።»

ዝም አልኩ። ዝምታ ይቀናኛል።

የባሰው ቫይረሱ ነበር። ኢንተርኔት የለንም፤ ደብዳቤና ሪፖርት የሚሄደውና የሚመጣው በፍላሽ ነው። ፍላሹ ከወረዳ ወረዳ እንደ ጉንፋን ይዞራል። ከበላይ የሚላክልን እያንዳንዱ ደብዳቤ ቫይረሱን እንደ አባሪ ይዞ ይመጣል፤ እኛም መልስ ስንጽፍ ከነአባሪው እንመልሳለን። በዚህ ረገድ የሁለትዮሽ ግንኙነቱ ጠንካራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጸሐፊያችን ልንገር፤ ይህ ሁሉ የእሳቸው ታሪክ ነውና። ከሃያ ዓመት በላይ ጽፈዋል። የጀመሩት በጽሕፈት መኪና ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲመጣ መኪናው ንብረት ክፍል ገባ። ሲጽፉ ቁልፉንም ስክሪኑንም አያዩም፤ በሩ ላይ የቆመውን ባለጉዳይ እያዩ፣ «ምነው ትናንት ቀረህ?» እያሉ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ስህተት ይጨርሳሉ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ደባርቅ ቤት ተከራይታ መሰናዶ ትማራለች።

ያ ዓመት ደግሞ አዲሱ መዋቅር የወረደበት ነው። ሁሉም ሠራተኛ የተቀመጠበትን ወንበር እንደገና ተወዳድሮ እንዲይዝ ታዘዘ። ተወዳድሮ ያልተመደበ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ውኃ በጄሪካን በሚቀዳበት ደጋ ላይ ሰው እንዴት እንደሚንሳፈፍ ያስረዳን የለም፤ ነገር ግን ቃሉ ሁላችንንም አስፈርቶናል። የጸሐፊ ፈተና በአሥር ደቂቃ አንድ ገጽ መጻፍ ነው። ፈታኙ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚመጣ ተነግሮናል።

«እኔ ከተንሳፈፍኩ ልጄ ከደባርቅ ትመለሳለች» አሉኝ አንድ ቀን፣ ወረቀት እያስተካከሉ። «ከተመለሰች ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ቀረ።» ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ብዙ መጻፍ የለመደ ሰው ስለራሱ ሲሆን አጭር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ዓርብ ቫይረሱ የዓመቱን ሪፖርት በላ። ፋይሉ አለ፤ ሲከፈት ባዶ ነው። ኃላፊው አስጠራኝና፣ «ምን ይሻላል?» አለኝ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በተከታታይ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ተናገርኩ። ቫይረሱ የማይነካው ሲስተም እንዳለ፣ በነፃ እንደሚገኝ፣ ሻንጣዬ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት።

«የሚሰጠን ማነው?»

«ሁሉም ሰው ነው። ብዙ ሰዎች ተባብረው ነው የሚሠሩት።»

«ሁሉም ሰው የሚባል መሥሪያ ቤት የለም» አለ። ጥቂት አሰበና፣ «ለማንኛውም አንዱ ላይ ሞክሪው» አለኝ።

ቅዳሜ ማንም በሌለበት ገባሁ። የጸሐፊዋን ኮምፒውተር መረጥኩ፤ በጣም የታመመው እሱ ነበር። ደብዳቤዎቻቸውን ሁሉ ለብቻ ገለበጥኩ፣ ዊንዶውሱን አጠፋሁ፣ ሊኑክሱን ጫንኩ። ጥቁሩ ስክሪን ሄዶ ደማቅ ቀለም ሲመጣ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለጥንቃቄ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ያላረጋገጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ተቀምጠው፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው እያዩ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ዘወር ብለው ስክሪኑን አዩት። እዚያ ያለው አማርኛ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት ተቀላቅሎ ተደርድሯል። የድሮ ደብዳቤዎቻቸውን ከፈቱ፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው። የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነበር፤ ሊኑክሱ ላይ ያለው የአማርኛ አጻጻፍ ደግሞ ፊደሎቹን ሌላ ቦታ ነው ያስቀመጣቸው።

አልጮኹም። እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ፊደሌን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

እኔ የዚያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ አልችልበትም።

ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ንብረት ክፍል ደረሰ። የንብረት ክፍሉ ሰው በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ቁልፋቸውን በአንገታቸው በክር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ የሚወጣ ሁሉ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። በእሳቸው ዓለም ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ውጭ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ነፋስም ቢሆን አይወዱም።

«አዲስ ዕቃ አስገባሽ አሉ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«ዕቃ አይደለም ጋሼ። ሶፍትዌር ነው።»

«የት አለ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«ውስጥ ካለ ገብቷል ማለት ነው። ሞዴል 19 የት አለ?»

«አልተገዛም እኮ። በነፃ ነው።»

«ስጦታ ነዋ። የሰጪው ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው?»

«ደብዳቤ የለውም።»

ቀስ ብለው፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገር፣ «የድሮው ደረሰኝ አለው» አሉ። «በሕግ ነው የገባው። ያንቺ የገባው በመስኮት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ እንግዲህ፤ የተሰረቀው ዊንዶውስ ደረሰኝ ስላለው ሕጋዊ ነው፤ ማንም እንዲወስደው የተፈቀደው ሊኑክስ ደረሰኝ ስለሌለው ሕገ ወጥ ነው። ይህን ለራሴ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። አንድም ጊዜ ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።

ኃላፊው ጉዳዩ በጥናት እንዲታይ አዘዘ። ሁለቱን ሲስተሞች አወዳድሬ ረቡዕ እንዳቀርብ ተነገረኝ፤ ማወዳደሪያ ቅጽም ተሰጠኝ። ቅጹ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት የተዋሰ ነው፤ የተዘጋጀውም የከብት ዝርያ ለማወዳደር ነበር። «መስፈርት መስፈርት ነው፤ አስማሚው» አለኝ ኃላፊው። እኔም አስማማሁት። «የመኖ ፍጆታ» በሚለው ሥር፣ ዊንዶውስ ብዙ ሜሞሪ እንደሚፈልግ፣ ሊኑክስ በጥቂቱ እንደሚያድር ጻፍኩ። «በሽታን የመቋቋም ችሎታ» የሚለው በተለይ የሊኑክስ ነበር። «ከአካባቢው አየር ጋር መስማማት» ላይ ሁለቱም ብርድ አይጎዳቸውም አልኩ። «የወተት መጠን» ላይ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ በቀን የሚጻፉ ደብዳቤዎችን ቆጠርኩ። እዚያ ላይ ዊንዶውስ በጣም በለጠ፤ ከሰኞ ጀምሮ አንድም ደብዳቤ አልተጻፈምና።

ረቡዕ ዕለት አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ኃላፊው፣ የንብረት ክፍሉ ሰው፣ ጸሐፊዋና እኔ። ኃላፊው እንደ ግምገማ ደንብ፣ በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ሲስተም ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን እንዲነሳ አደረገ። ሲስተሞቹ ራሳቸውን መሄስ ስለማይችሉ ስለ ሁለቱም ሂስ የምውጠው እኔ ሆንኩ።

«ይሄ ሊኑክስ ባለቤቱ ማነው?» አለ ኃላፊው።

«አንድ ባለቤት የለውም።»

«ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?»

አንገቴን ደፋሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ሁሉም ሰው የሠራውን ነገር ማን ይጠየቅበታል? የንብረት ክፍሉ ሰው ዝምታዬን አይተው ለማገዝ ይሁን ለመጨረስ፣ የዊንዶውሱን ደረሰኝ ከማኅደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ለዚህኛው ሻጩ አለ» አሉ።

ደረሰኙን ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «አንድ ፍሬ ባዶ ሲዲ» ይላል።

«ባዶ ነው የሚለው» አልኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ።

«ባዶም ቢሆን ገቢ ሆኗል» አሉ የንብረት ክፍሉ ሰው።

ኃላፊው ጸሐፊዋን፣ «እርስዎ እንደ ተጠቃሚ ምን ይላሉ?» አላቸው።

«እኔ ምን አውቄ? የፈተናዬ ቀን ደርሷል» አሉ። «የምጽፍበትን ስጡኝ። ጥቁርም ይሁን ነጭ።»

ቃለ ጉባኤው የቀድሞው ሲስተም በአስቸኳይ እንዲመለስ ወሰነ። የንብረት ክፍሉ ሰው ባዶ የተባለውን ሲዲ በሞዴል 22 ወጪ አድርገው ሰጡኝ። ሲዲው ግን ከሚስማር ሳጥን ውስጥ ነው የወጣው፤ ጀርባው የተፋቀ ምጣድ መስሏል። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው።

«ቅዳሜ ጎንደር ሄጄ ሌላ ላምጣ» አልኩ።

«በምን ደረሰኝ? ግዢ ነው፤ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል» አሉ የንብረት ክፍሉ ሰው።

የተሰረቀ ዕቃ ለመግዛት ሦስት ሌቦች በታሸገ ፖስታ ዋጋ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ ማለት ነው። ደብዳቤው ወጣ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ፖስታዎቹ ተመልሰው እስኪመጡ ፈተናው እንደሚያልፍ ሁላችንም አውቀናል። ሌላ ማሽን ላይ ይፈተኑ እንዳይባል፣ የፈተናው መመሪያ «ተፈታኝ በሚሠራበት መሣሪያ ይፈተናል» ይላል። ለፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ፊደሎቹን እርስዎ የሚያውቁበት ቦታ ላይ ላስቀምጣቸው» አልኳቸው።

«ይቻላል እንዴ?»

ይቻላል። እውነተኛው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የከብቱ ቅጽ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። የሊኑክስ የቁልፎች አቀማመጥ ማንም ከፍቶ በሚያነበው ተራ ጽሑፍ ተዘርዝሮ ተቀምጧል። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ፊደል ይውጣ ይላል። ዝርዝሩን መለወጥ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የሚያስፈልገኝ እሳቸው የትኛውን ፊደል የት እንደሚነኩ ማወቅ ብቻ ነበር።

«ጨ የት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ።»

«ሲጽፉት የት ይነካሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጣቴ ነው የሚያውቀው።»

እውነታቸውን ነበር። ሲጠየቁ ጣታቸው ይጠፋበታል። ቁልፉን ካዩት ጭራሽ ይባስ። ስለዚህ ኪቦርዱን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ፣ ከምንም ጋር ሳይያያዝ፣ ፊታቸው አኖርኩትና፣ «ዝም ብለው ያውሩኝ፤ የሚያወሩትን ይጻፉት» አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ቀጥሎ የጎረቤታቸውን ሠርግ ጀመሩ። ለድግስ የታሰረች በግ ገመዷን በጥሳ ሙሽራው ቤት ስለመገኘቷ፣ የሙሽራዋ ወገን ሰርቃችኋል ስለማለቱ። እሳቸው ያወራሉ፣ ጣታቸው የሞተውን ቁልፍ ይመታል፤ እኔ በማስታወሻ ደብተሬ «በ» ሲሉ የቱ ጣት የት እንደሄደ እጽፋለሁ።

«ቆይ እትዬ፣ "በጓ" ሲሉ ሁለት ጊዜ ነው የመቱት።»

«በጓን ተያት፤ ሙሽራው ቤት ገብታለች ብዬሻለሁ።»

የንብረት ክፍሉ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ በር ላይ ቆመው፣ አንዲት ሴት ሽቦው የተነቀለ ኪቦርድ ላይ ስለ በግ ስትጽፍ፣ ሌላዋ በትጋት ስትመዘግብ አዩ። ምንም ሳይሉ ሄዱ። በበጓ ሠርግ አብዛኛው ፊደል ተገኘ። ለ«ጰ»ና ለ«ፐ» ሌላ ታሪክ አስፈለገ፤ ስለ አንድ ጳጳስ ጉብኝት አወሩልኝ። የጳጳስ ወግ በማይወራበት የሙስሊም ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝና እሱን በተለይ ወደድኩት።

በአሥረኛው ቀን ኪቦርዱን መለስኩና፣ «አሁን ይሞክሩት» አልኳቸው። በሩን እያዩ ጻፉ። ዘወር አሉ። አማርኛ ነበር። የድሮ ደብዳቤዎቻቸውንም በዚያው ዝርዝር እየፈታሁ ወደ ፊደላቸው መለስኳቸው። ጸሐፊዋ ስክሪኑን ብዙ አዩትና፣ «ሸጋ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ጥቁር ማድረግስ ይቻላል?» አሉኝ። ጥቁር አደረግሁላቸው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ኃላፊው ጎንደር ነበር፤ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠና ገብቷል። ፈታኙ ከዞን በመኪና መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ከእኛ በኋላ ሌላ ወረዳ ስላለበት ከምሳ በፊት መነሳት አለበት። ጸሐፊዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ፈታኙ ሰዓቱን አየና ወረቀቱን ሰጣቸው። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊደል ስለቅም ከርሜ፣ መካነ ብርሃን መሆኔን ረስቼው ነበር። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ሊኑክስም ዊንዶውስም አልነበረም።

«እኔ መሄድ አለብኝ» አለ ፈታኙ። «ያልተፈተነ እንዳልተወዳደረ ነው የሚቆጠረው። መመሪያው ነው እናቴ፣ እኔ አይደለሁም።»

ጸሐፊዋ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ እንደዚያ ሰኞ ጠዋት። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ። የንብረት ክፍሉ ሰው እዚያ ቆመዋል።

«አያ» አሏቸው፣ «ማኪናዬን አውጣልኝ።»

«የትኛዋን?»

«የጽሕፈት ማኪናዬን ነዋ። ከሚስማሩ ጋር የዘጋህባትን።»

«ሞዴል 22 ያስፈልጋል» አሉ። «ሞዴል 22 የኃላፊውን ፊርማ ይጠይቃል። ኃላፊው ጎንደር ነው።» ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ቁልፉን በአንገታቸው ላይ ያገላብጡ ጀመር። «ብትሰበር፣ ብትጠፋ፣ ማን ይጠየቃል?»

ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ዝምታን በደንብ ስለማውቅ፣ ይህኛው ማንም የማይሰብረው ዓይነት መሆኑን አውቄያለሁ።

«እኔ እጠየቃለሁ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «በኔ ስም ይውጣ። እፈርማለሁ።»

የንብረት ክፍሉ ሰው፣ «አንቺ የመፈረም ሥልጣን የለሽም» አሉ። ይህን እያሉ ግን ወደ ንብረት ክፍል መሄድ ጀምረው ነበር።

መኪናዋን እኔና እሳቸው ተሸክመን አመጣናት። ከባድ ናት። ሪባኗ ደርቆ እንደ ጭራሮ ሆኗል። የንብረት ክፍሉ ሰው የማኅተም ቀለም ይዘው መጡና በጣታቸው ሪባኑን ከዳር እስከ ዳር አራሱት፤ ለዚህም ሞዴል አልቆረጡም። ጸሐፊዋ ወረቀት አስገቡ፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከዚያ ክፍሉ በቀጭ ቀጭ ተሞላ። አሥሩ ደቂቃ ሳያልቅ ገጹ አለቀ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ አንድም ስህተት የሌለበት ገጽ።

«ይሄ ይቆጠራል?» አልኩት ፈታኙን። ሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ ማለት ነው።

መመሪያውን ገለጠ። «በሚሠራበት መሣሪያ ነው የሚለው» አለ። «ሲሠሩባት አይቻለሁ።» ውጤቱን ሞላ። ቅጹ ላይ «የተፈታኝ ሲስተም ዓይነት» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። እዚያ ላይ እስክሪብቶውን አቁሞ ሁላችንንም አየን። በመጨረሻ «ባለ ሪባን» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ጸሐፊዋ ተመደቡ። ልጃቸው ደባርቅ ቀረች። እኔ በሚቀጥለው ግምገማ ያለ ሥልጣን ንብረት በማስወጣት አንድ ደካማ ጎን ተመዘገበልኝ፤ ኃላፊው «ዓይን አፋርነትሽንም አሻሽዪ» ብሎ ጨመረበት። የዊንዶውሱ ፕሮፎርማ ከወራት በኋላ ተሟልቶ ሲዲው ተገዝቶ መጣ፣ ከነደረሰኙ። ልጭነው ስሄድ ጸሐፊዋ ኪቦርዳቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አሳረፉ።

«የኔን አትንኪብኝ» አሉ። «የኔ ውስጥ በጓ አለች።»

ዳንቴል የለበሰው ላይ ጫንኩት። በቫይረስ የተያዘው በሳምንቱ ነው።

ወደ ጎንደር ስዛወር ንብረት ክፍል ሄጄ ከዕዳ ነፃ መሆኔን ማስፈረም ነበረብኝ። የንብረት ክፍሉ ሰው መዝገቡን ገለጡ። በስሜ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው፣ «ከግለሰብ በስጦታ የተገኘ፣ አንድ ፍሬ ሲዲ፣ የሚሠራ» ይላል፤ ሞዴል 19 ተቆርጦለታል። መቼ እንደቆረጡለት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የገቢውን ቅጂ ቀድደው ሰጡኝ። ሊኑክስ በመጨረሻ በበር ገባ።

ሁለተኛው የጽሕፈት መኪናዋ ነበረች። ከዚያ ፈተና በኋላ ወደ ንብረት ክፍል አልተመለሰችም፤ በጸሐፊዋ መስኮት ሥር ነው የምትቀመጠው።

«ይቺ ተመልሳለች?» አሉኝ የንብረት ክፍሉ ሰው።

ያን ቀንም መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሚቀጥለው ክፍል፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። እሳቸውም ይሰማሉ፤ እኔም እሰማለሁ። መልሴን ሳይጠብቁ እስክሪብቶአቸውን አነሱ፣ መስመር ሲያልቅ መኪናዋ የምታሰማውን ደወል ጠበቁና፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ተመላሽ ተደርጓል» ብለው ጻፉ።